ባቡሩ ከፓርኩ ደጅ የቆመ ሰሞን

አባቴ አቃቂ ላይ የባቡር ማቋረጫ ዘበኛ ነበር። ባቡር ሲመጣ ማገጃውን አውርዶ የደብረ ዘይትን መንገድ ይዘጋል፣ ቀይ ባንዲራውን ይዞ ይቆማል፣ የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ ይከፍታል። መኪና ውስጥ ያለ ትልቅ ሰው ቸኩሎ ቢቆጣው መልስ አይሰጥም፤ ዝም ብሎ ወደ ሐዲዱ ያያል። ቤት ሲገባም ያው ነው፤ ቃል ከአፉ አይወጣም። ግን ከትምህርት ቤት ስንዘገይ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀን እሱ ነበር።

እናቴ ከአቃቂ ወዲያ ካሉት የገበሬ መንደሮች ነው የመጣችው። ከዘመዶቿ ጋር ኦሮምኛ፣ ከጎረቤት ጋር አማርኛ እያወራች አሳደገችን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ክር ፋብሪካ እንደምገባ እርግጠኛ ነበር። አንድ አስተማሪዬ ግን በባቡሩ መስመር ቁልቁል፣ በረሃው ውስጥ፣ አንድ የዱር እንስሳት ፓርክ እንግሊዝኛም ኦሮምኛም የምትችል አስጎብኚ እንደሚፈልግ ሰምተው ነገሩኝ። የንጉሡ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። እናቴ አለቀሰች፤ አባቴ «ትሂድ» አለ።

የሄድኩ ዕለት አባቴ ተረኛ ስለነበር ጣቢያ ድረስ ሊሸኘኝ አልቻለም። ባቡሩ ማቋረጫው ጋ ሲደርስ በመስኮት ብቅ ብዬ አየሁት። ባንዲራውን እንደያዘ ቆሟል። ሥራ ላይ እጁን አያወዛውዝም፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ከፍ አደረገ፣ በቃ። የአቃቂን ወንዝ ተሻግረን የፋብሪካው ጭስ ከኋላ እስኪቀር ድረስ ከመስኮቱ አልተነሣሁም።

ፓርኩ ከአንዲት ትንሽ ጣቢያ ብዙም አይርቅም። ከጣቢያዋ ሌላ ግን በዙሪያው ምንም የለም፤ ሜዳ፣ ግራር፣ ሙቀት። የጎብኚዎች አዳራሹ በድንጋይ የተሠራ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ሰፊ ነበር። ውስጡ የሳላ፣ ማለት ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ያለው የሜዳ እንስሳ፣ እና የአጋዘን ቀንድ፣ የከርከሮ ራስ ቅል፣ ግድግዳ ላይ የተዘረጋ የዘንዶ ቆዳ አለ። ጠረጴዛ ላይ ደግሞ በጀሶ የተቀዳ የእንስሳት ዱካ ተደርድሯል። ጠዋት ጠዋት ስካውቶቹ፣ ማለት ጠመንጃ ይዘው ፓርኩን የሚጠብቁት፣ ጎብኚዎቹን በእግር ወደ ወንዙ ይወስዷቸዋል። ከሰዓት በኋላ የእኔ ተራ ነው። አዳራሹ ውስጥ አስቀምጬ ስለ እንስሳቱ እነግራቸዋለሁ። ልጆች ከመጡ ዓይናቸውን አስጨፍኜ ዱካውን በጣታቸው እየዳበሱ የማን እንደሆነ እንዲገምቱ አደርጋለሁ። የአንበሳውን ሁልጊዜ የውሻ ነው ይላሉ።

መጀመሪያ ላይ ወደድኩት። የገና በዓል ሲያልፍ ግን ሰለቸኝ። ጎብኚ በሌለበት ቀን ከአልጋዬ ወደ አዳራሹ፣ ከአዳራሹ ወደ ወጥ ቤቱ፣ ከወጥ ቤቱ ወደ አልጋዬ ነው። ግቢው በእሾህ የታጠረ ነው፤ ከእሱ ውጭ ያለ ስካውት መውጣት ክልክል ነበር። አንበሳው የፈለገበት ይሄዳል፤ እኔ ውሃ ለመቅዳት እንኳ ጠመንጃ የያዘ ሰው መጥራት አለብኝ። የባቡሩ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ወደ አቃቂ ነው ወይስ ከአቃቂ እያልኩ ጆሮዬን አቆማለሁ።

ከጥምቀት ወዲህ ደግሞ ሰዎቹ ተለወጡብኝ። ቀኑን ሙሉ የሚያንጎራጉረው ወጥ ሠሪ እኔ ስገባ ዝም ማለት ጀመረ። ስካውቶቹን የሚመሩት ሽማግሌ ሳልጠይቃቸው ውሃዬን እየቀዱ በሬ ላይ ያስቀምጡልኝ ጀመር። የፓርኩ ኃላፊ፣ ሁላችንም ዋርደኑ የምንላቸው፣ ከሥራ በቀር ቃል የማይናገሩ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም «ምሳ በላሽ?» ይሉኛል። ሁሉም ይንከባከበኛል፤ ሁሉም ዓይኑን ያሸሻል። ሊያባርሩኝ ነው አልኩ በልቤ።

በዚያው ሰሞን አንድ የባቡር ቲኬት ፈታሽ ጣቢያ ላይ አግኝቶኝ፣ «ከቤትሽ መልእክት አለ። እናትሽን ትንሽ አሟታል፣ ብትመጪ ደስ ይላታል ብለውሻል» አለኝና ቶሎ ብሎ ባቡሩ ላይ ተሳፈረ።

በቀጥታ ወደ ዋርደኑ ቢሮ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እናቴ ታማለች። አይቻት ልመለስ።»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ትንሽ ቆዪ። ተተኪ እየጠበቅኩ ነው።»

«ጎብኚ እኮ የለም። አዳራሹን ዘግቼው ብሄድስ?»

«ብቻሽን አትሄጂም።»

«ስመጣ ብቻዬን ነው የመጣሁት።»

እስክሪብቷቸውን መልሰው አነሡ። ወጣሁ። በሳምንቱ ተመልሼ ጠየቅኩ፤ ያው ነው። ደግሜ ጠየቅኩ፤ ያው። ጠላኋቸው። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ሳላስፈቅድ ልብሴን በሻንጣ አድርጌ፣ አንዱን ወጣት ስካውት ለምኜ ጣቢያ ድረስ አስከተልኩት። የጣቢያው ሹም ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ። «ዛሬ ቦታ የለም» አለኝ። ባቡሩ ፊታችን ቆሟል። ሦስተኛ ማዕረግ ውስጥ ባዶ ወንበሮች በመስኮት ይታዩኛል። «ያውና ቦታው» አልኩት። «የተያዘ ነው» አለኝ፤ ሲናገር ግን የሚያየው ጫማውን ነው። ባቡሩ ሄደ። ሻንጣዬን ይዤ ተመለስኩ። ዋርደኑ በር ላይ ቆመው አዩኝ፤ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የበልግ ዝናብ ከደጋው ወረደ። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው የሰው ባቡር ጣቢያችን ደርሶ ሳለ፣ ጎርፍ ከፊቱ ያለውን የሐዲድ መደልደያ ጠርጎ ወሰደው። ወደ ኋላ እንዳይመለስም ባለፈበት በኩል ሐዲዱ አፈር ለብሷል። የመኪናውም መንገድ ተቆርጧል። ተሳፋሪው ፀሐይ ላይ በጋለው ፉርጎ ውስጥ ቁጭ አለ፤ የጣቢያዋ ውሃ ወዲያው አለቀ።

ዋርደኑ ሰዎቹን ወደ አዳራሹ አመጧቸው፤ እኛ የተጠራቀመ ውሃ ነበረን። ስካውቶቹ ፊትና ኋላ ሆነው እንደ ከብት እየጠበቁ ነዷቸው። ነጋዴዎች፣ ወታደሮች፣ ሕፃን ያዘሉ ሴቶች፣ አንድ የሐረር ሽማግሌ። ዋርደኑ መሬት ላይ የተቀመጡት ሁሉ እንዲሰሟቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ከእሾህ አጥሩ ማንም እንዳይወጣ። አንበሳ አለ» አሉ። የሐረሩ ሽማግሌ ወደ አጥሩ እያዩ፣ «አንበሳውን ሊያሳዩን ነው ወይስ እኛን ለአንበሳው?» አሉ፤ ሰው ትንሽ ሳቀ።

ከተሳፋሪዎቹ መሃል የአቃቂ ጎረቤታችንን አየኋቸው። ከድሬዳዋ ጨርቅ እያመጡ አቃቂ፣ በሰቃ ገበያ የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ የእኛና የእሳቸው ቤት ግድግዳ አንድ ነው። ሲያዩኝ ደነገጡ። ራሳቸው ላይ ያሰሩትን ጥቁር ሻሽ ፈትተው ጓዛቸው ውስጥ ከተቱት። ሙቀቱ ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት። ሮጬ አቀፍኳቸው።

«እትዬ፣ እናቴ እንዴት ናት? ተሻላት?»

«እናትሽማ ደህና ናት። ምን ትሆናለች።» ይህን ፈጥነው፣ ጠንከር አድርገው ነው ያሉት።

«አባቴስ?»

ጓዛቸውን ማሰር ጀመሩ። «አሉ» አሉኝ። ከዚያም «ውሃ የት ነው ያለው፣ ልጄ? ጉሮሮዬ ደርቋል» አሉ።

የታመመችው እናቴ ሆና ሳለ፣ ስለ እሷ ሲናገሩ ድምፃቸው የቀና ነበር። ይህን ያስተዋልኩት ውሃውን ከቀዳሁላቸው በኋላ ነው። ያኔም ገፍቼ አልጠየቅኩም።

ያን ያህል ሰው አዳራሽ ውስጥ ያለ ሥራ ሲቀመጥ ጠብ ይነሣል። ዋርደኑ ይህን ስለፈሩ እንደ ማንኛውም ጎብኚ ፕሮግራም አወጡላቸው። ጠዋት በቡድን በቡድን እየሆኑ ሽማግሌው ስካውት እስከ ገደሉ አፋፍ ወስደው ወንዙንና አዞዎቹን ያሳዩአቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ እኔ አስረዳቸዋለሁ። ጎረቤታችን ከእኔ ይሸሻሉ። ከሴቶቹ ጋር ስቀመጥ ይነሣሉ፤ ወጥ ቤት ስገባ ይወጣሉ። ግን የሚሄዱበት የላቸውም። ግቢው አንድ ነው፣ በሩ አንድ ነው፣ ስዞር አገኛቸዋለሁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስለ ሳላ እየተናገርኩ ነበር። ሳላ ውሃ ሳይጠጣ ብዙ ጊዜ እንደሚቆይ፣ በቀትር ፀሐይ ሌላው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ እሱ ሜዳው ላይ ዝም ብሎ እንደሚቆም። እዚህ ላይ ለኢትዮጵያውያን ጎብኚዎች ሁልጊዜ የምጨምራት ነገር ነበረችኝ።

«አባቴ አቃቂ የባቡር ማቋረጫ ላይ ነው የሚሠራው» አልኩ። «ፀሐይ ላይ ሲቆም ያየው ሰው ሳላ አይገርመውም። አንድ ቀን መጥቶ እንዲያያቸው እፈልጋለሁ።»

ተሳፋሪዎቹ ፈገግ አሉ። ጎረቤታችን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተነሡ፤ የሰው እግር እየረገጡ ወጡ። ንግግሬን እንደምንም ጨረስኩና ተከተልኳቸው። ከውሃው ታንከር ኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ነበር።

«እትዬ፣ ምን ደበቁኝ?»

«ምንም። ሙቀቱ ነው፣ ልጄ።»

«እናቴ ሞታለች?»

«በእመቤቴ፣ እናትሽ አለች።»

«ታዲያ ለምን ያለቅሳሉ?»

እጄን ያዙኝ። «እኔ እዚህ መውረድ አልነበረብኝም» አሉ። «ምነው ጎርፉ ሌላ ቦታ በሆነ።» ከዚያ እጄን ለቀቁና ወደ ዋርደኑ ቢሮ ሄዱ። በሩ ተዘጋ። ሽማግሌው ስካውት ተጠርተው ገቡ፤ ወጥ ሠሪውም ገባ። እኔ ታንከሩ ጋ ቆሜ አያለሁ። ሁሉም የሚያውቀው ነገር እዚያ ክፍል ውስጥ አለ። ገብቼ መጠየቅ እችል ነበር። ወደ ክፍሌ ሄድኩ።

ገና ሊነጋጋ ሲል ኮቴ ሰማሁ። የአንድ ሰው አይደለም፤ ጠጠሩን ቀስ እያሉ የሚረግጡ ብዙ ሰዎች ናቸው። የእኛ ሰፈር ልጅ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። መርዶ ሲነገር ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ሳይነጋ፣ ድምፁን አጥፍቶ የባለ መርዶውን በር ይከባል። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ኋላ ብዙ በር ላይ ቆሜአለሁ። ከውስጥ ሆኜ ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ተነሥቼ መቀርቀሪያውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ልጄ፣ ክፈቺ» አሉ ጎረቤታችን።

«አልከፍትም።»

«እንግዲህ ክፈቺልን።»

«አልከፍትም አልኩ።»

ካልከፈትኩ አይነግሩኝም፤ ካልነገሩኝ ማንም አልሞተም። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አልጋ፣ ወንበር፣ አንዲት ትንሽ መስኮት። በመስኮቷ ሳይ የነጠላና የካፖርት ጫፍ ይታየኛል። የዋርደኑ ድምፅ መጣ። «አንገፋሽም። ስትፈልጊ ክፈቺ፤ እዚሁ ነን።» ሕፃን አለቀሰ፣ አባበሉት። ፀሐይ ወጣች። ቆርቆሮው መሞቅ ሲጀምር እንደሁልጊዜው ተንቋቋ። እነሱ አልሄዱም። የማያውቁኝ ሰዎች፣ አንድ ቀን ንግግሬን የሰሙ ሰዎች፣ ፀሐይ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። እጄ ዛለ። ከፈትኩ።

«እናቴ ናት?» አልኩ።

ጎረቤታችን አንገቴን አቀፉኝ። «እናትሽ አለች። አባትሽ ናቸው፣ ልጄ። አባትሽ ናቸው።»

እናቴ አለች ማለታቸው መጀመሪያ ገባኝ፤ ትንፋሽ አገኘሁ። ሁለተኛው ቃል የገባኝ መሬት ላይ ከወደቅኩ በኋላ ነው። ከጥምቀት በኋላ ሳንባውን አሞት፣ ሳይቆይ ነው የሞተው። አርባውም አልፎ ነበር።

አዳራሹ የለቅሶ ቤት ሆነ። አግዳሚዎቹን አውጥተው ሰሌን አነጠፉ። ሬሳ በሌለበትም ለቅሶ ሰው እንደሚሰበሰብ አውቃለሁ፤ ግን እነዚህ ሰዎች አባቴን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም ነበር። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተቀመጠ። ወጥ ሠሪው ንፍሮ ቀቀለ። ሙሾ የምትችል አንዲት የአዋሽ ሴት ነበረች። ጎረቤታችንን «ሥራቸው ምን ነበር?» ብላ ቀስ አድርጋ ጠየቀቻቸው፣ ትንሽ አሰበችና ተነሣች፤

«መኪናን አቁሞ ባቡር ያሳለፈ፣
የሚያቆመው አጥቶ ሳይነግረን አለፈ።»

ያን ጊዜ ነው ከልቤ ያለቀስኩት። የሐረሩ ሽማግሌም አለቀሱ፤ የራሳቸውን ሰው አስታውሰው ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ዋርደኑ መጥተው አጠገቤ ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ። እሳቸውን መሬት ላይ ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም።

«ያወቅኩት አባትሽ በሞቱ በሳልስቱ ነው» አሉ። «እናትሽ በጣቢያው ስልክ አስደውለው ነገሩኝ። በረሃ ላይ ብቻዋን እንዳትሰማ፣ ባቡር ላይም ብቻዋን እንዳትሆን፣ እርስዎ ራስዎ ይዘዋት ይምጡ፣ ቤቷ ስትገባ እኛ እንነግራታለን ብለው አደራ አሉኝ። እኔ ደግሞ ፓርኩን የምሰጠው ሰው የለኝም። ምክትል ላኩልኝ ብዬ ለዋናው መሥሪያ ቤት ደጋግሜ ጠየቅኩ። ተተኪ እየጠበቅኩ ነው ያልኩሽ ለአንቺ አልነበረም፤ ለእኔ ነው። እናትሽ ታማለች የተባልሽውም ከእኔ ጋር ለመሄድ ምክንያት እንዲሆንሽ ነው።»

«የጣቢያው ሹምስ?»

«እኔ ነኝ እንዳይቆርጥልሽ ያልኩት።»

ላመሰግናቸው አልቻልኩም። ልቆጣቸውም አልቻልኩም። «እኔ እስረኛ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ፊትሽን አያለሁ እኮ።»

ሽማግሌው ስካውት ከበሩ ሆነው ይህን ሰምተው ኖሮ፣ በኦሮምኛ፣ «ውሃውን ሳስቀምጥልሽ ብዙ ቀን ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፤ ምላሴ ታሰረብኝ» አሉኝ። እኔም በእናቴ ቋንቋ፣ «ኦቦ፣ ዛሬ ተፈታ» አልኳቸው።

የሐዲድ ጠጋኞቹ ጥቂት ቀን ቆይተው መንገዱን ከፈቱ። ዋርደኑ ከላይ ፈቃድ ሳይመጣላቸው ቁልፎቹን ሁሉ ለሽማግሌው ስካውት ሰጥተው ከእኔ ጋር ተሳፈሩ። እኔ በመስኮቱ በኩል፣ ጎረቤታችን በአጠገቤ፣ እሳቸው ፊት ለፊት። ጎረቤታችን ጥቁር ሻሻቸውን መልሰው አሰሩ፤ ለእኔም ሌላ አወጡልኝ። አቃቂ ልንገባ ስንል ማቋረጫው ላይ የማላውቀው ሰው ባንዲራ ይዞ ቆሟል። ወጣት ነው፤ ተሳፋሪውን እያየ እጁን ያወዛውዛል።

እናቴ ጣቢያው ላይ ነበረች። ፀጉሯን ተላጭታለች፣ ከስታለች። ጥቁሩን ሻሽ ራሴ ላይ ስታይ ቆመች።

«ማን ነገረሽ?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጎረቤታችን። «ጎርፍ ያዘን። አልቻልኩም። ፊቷን እያየሁ መዋሸት አልቻልኩም።»

እናቴ ወደ ዋርደኑ ዞራ፣ «ብቻዋን ነበረች?» አለች።

«ባቡር ሙሉ ሰው አብሯት ነበር» አሏት።

ያኔ ብቻ ነው ቀርባ ያቀፈችኝ። ቤት እንደደረስን ሰፈሩ ሁሉ እንደገና መጣ፤ ለአባቴ ሁለተኛ ተለቀሰ። እናቴ እኔ ሳልሰማ በደንብ ማልቀስ አልሆነላትም ነበር፤ ምስጢሩን ይዛ፣ ከባቡር የሚወርደውን ሰው ሁሉ ለእኔ እንዳይናገር እያስማለች ነው የከረመችው። ጎረቤታችንን ግን እስከ ፋሲካ ድረስ አኮረፈቻቸው። ግድግዳቸው አንድ ሆኖ በግንቡ ማዶና ማዶ ዝም ተባባሉ። በኋላ ጎረቤታችን ራሳቸው ዳቦ ይዘው መጥተው ገቡ፤ ኩርፊያው ቀረ።

እኔ ወደ ፓርኩ ወዲያው አልተመለስኩም። እናቴ አልለቀቀችኝም። ገበያ ስሄድ ትከተለኛለች፤ ከጎኗ ተኝቼ ስገላበጥ እጄን ትይዛለች። ከበረሃው አጥር የእሷ እጅ ይጠብቅ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ፣ ባቡሩ ሲያፏጭ ጆሮዬን ማቆሜን አይታ፣ «ሂጂ» አለችኝ። «ከእንግዲህ የምደብቅሽ የለኝም።»

ሄድኩ። መንግሥት ተለውጦ ጎብኚ እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ሠራሁ። ስለ ሳላ ስናገር የአባቴን ነገር ማንሣት አልተውኩም፤ «ነበር» ማለት ብቻ ለመድኩ። ዋርደኑ በጡረታ እስኪወጡ ድረስ ብዙ አላወራንም፤ ምሳ በላሽ ወይ ማለታቸውንም አልተዉም። ከዚያ አቃቂ ተመልሼ፣ መጀመሪያ ሁሉም ሰው እንደጠበቀው ክር ፋብሪካ ገባሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ።

እናቴ የሞተችው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ቀን፣ ቤቷ፣ እኔ ራስጌዋ ተቀምጬ። ያን ዕለት ማንም ምንም ሊነግረኝ አላስፈለገውም። ወጥቼ ለጎረቤቱ የነገርኩት እኔ ነኝ።